የውሻዬ ፀጉር ወዙ ጠፋ፤ የትኛውን ማሟያ ልስጠው?

የአንበሶ_እመቤት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንበሶ የሚባል ጥቁር ውሻ አለኝ። ዝርያው ድብልቅ ነው፤ አራት ዓመቱ፣ 20 ኪሎ ገደማ፣ የተኮላሸ ወንድ። ድሮ ፀሐይ ላይ ሲቆም ፀጉሩ ያብለጨልጭ ነበር። አሁን ታጥቦ እንኳ ደብዛዛ ነው። ሲዳሰስ ይሻክራል። ጀርባው ላይ ፎረፎር አለ። ጎኑ ላይ ደግሞ ጥቁሩ ወደ ቀይ ቡናማ እየሄደ ነው።

ይበላል፣ ይጫወታል፣ ፖስተኛ ያባርራል። የሚበላው ደረቅ የውሻ ምግብ ነው። ለብቻው ሲቀርብለት ግን ያኮርፋል። ስለዚህ ከሩዝና ከተቀቀለ የዶሮ ደረት ጋር እቀላቅልለታለሁ፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ይቻላል። በየሳምንቱ ይታጠባል።

ማሟያ ልጀምርለት ፈልጌ ነበር። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚነግረኝ። አንዱ የዓሣ ዘይት ይላል፣ አንዷ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን፣ ሌላው ጥሬ እንቁላል፣ ሌላዋ የኮኮናት ዘይት። ዚንክ ያለኝም አለ። ሁሉንም ባንዴ ብሰጠው ሆዱ ፋርማሲ መሆኑ ነው። ከየቱ ልነሳ?

ጅራት_ቆላ

የዓሣ ዘይት። በቃ። የእኔዋ ላብራዶር ላይ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። ቶሎ አትጠብቂ እንጂ ይሠራል።

ቀስ_በሉ

ከዘይቱ በፊት ጥያቄ አለኝ። የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ፀጉሩ የደበዘዘ ውሻ ሲመጣ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁትን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ያሳክከዋል? መዳፉን ይልሳል? ጆሮው ይሸታል? ፀጉሩ የሳሳበት ቦታ አለ፣ በተለይ ግራና ቀኝ እኩል የሆነ? ጅራቱስ አልተመለጠም? ብዙ ሳይበላ ይወፍራል ወይስ እየበላ ይከሳል? ውሃ ከድሮው አብዝቶ ይጠጣል? ሰገራው እንዴት ነው? የትል መድኃኒትና የቁንጫ መከላከያስ በጊዜው ይወስዳል?

ይሄን ሁሉ የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ሰውነት ምግብ ሲያጥረው ያለውን ለሌላው አካል ያደርሳል፤ ፀጉር የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ስለዚህ የአንጀት ትልም፣ የታይሮይድ ችግርም፣ አለርጂም፣ ደካማ ምግብም ላዩ ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ዘይት የሚያቃናው ግን ሁሉንም አይደለም።

ፎረፎሩን ደግሞ ጥቁር ወረቀት ላይ አራግፊውና ጠጋ ብለሽ እዪው። ከተንቀሳቀሰ ፎረፎር አይደለም። ኬይሌቲየላ የምትባል ደቃቅ ተባይ አለች። ለዓይን ነጭ ብናኝ ነው የምትመስለው፤ ሰው ላይም ወጥታ ታሳክካለች። ለእሷ ዘይት ብታጠጪው ተባይዋ አይገዳትም።

የአንበሶ_እመቤት

ወረቀቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፣ ተመስገን። አያሳክከውም። ጆሮው ደህና ነው። ውሃ የሚጠጣው እንደ ድሮው ነው፣ ክብደቱም አልተለወጠም። የተመለጠ ቦታ የለውም። ሰገራው ጠንካራ ነው። የትሉንም የቁንጫውንም መድኃኒት በጊዜው ወስዷል።

ሳህኑን_አሳዩኝ

እኔ ደግሞ ዓይኔ ያረፈው «ግማሽ በግማሽ» ያልሽው ላይ ነው። ማንም ሳያነሳው አለፈ።

የውሻ ምግብ ከረጢት ላይ «ሙሉና ሚዛናዊ» ተብሎ የሚጻፈው ውሻው ያንን ብቻ ቢበላ እንዲበቃው ተደርጎ ስለተቀመመ ነው። አፍኮ የሚባለው የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ለአዋቂ ውሻ ያስቀመጠው ወለል አለ። እርጥበቱ ተቀንሶ ሲሰላ ፕሮቲን 18 በመቶ፣ ቅባት 5.5 በመቶ፣ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የቅባት ዓይነት 1.1 በመቶ ነው። ዚንክ፣ መዳብና ቫይታሚን ኢ ሁሉ የየራሳቸው ወለል አላቸው።

አንቺ ግማሹን በሩዝና በዶሮ ደረት ተካሽው። የዶሮ ደረት ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ቆዳው ከተነሳ ግን ቅባት የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ሩዝ ኃይል ይሰጣል፤ ለፀጉር ግን የረባ ነገር የለውም። ውሻው ጠግቧል፣ ክብደቱም አልቀነሰም፤ ከረጢቱ ውስጥ ተመጥኖ የገባው ዚንክና ቅባት ግን በግማሽ ወርዷል። ሾርባ ላይ ውሃ እየጨመሩ ጨው ለምን ጠፋ እንደማለት ነው። አሁን ደግሞ የጠፋውን በእንክብል ልትመልሺው ነው።

ባለሙያዎች የሚሉት ልክ ቀላል ነው። ከዋናው ምግብ ውጭ የሚገባው ነገር ሁሉ፣ ማባበያውም ቁርስራሹም ተደምሮ፣ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ አይብለጥ። 20 ኪሎ የሚመዝን የተኮላሸ ውሻ በቀን 1,000 ካሎሪ ገደማ ቢበላ፣ ለትርፍ ነገር ያለው ቦታ 100 ካሎሪ ነው። አንቺ 500 አካባቢ ነሽ።

ጅራት_ቆላ

ምግቡን እንዳለ ትታ ዘይት ብትጨምርበትስ? ሰዉን ሁሉ ስታስጨንቁት ነው የምትውሉት።

ሳህኑን_አሳዩኝ

ሊያብለጨልጭ ይችላል። አልክድም። ሊኖሌይክ አሲድ ያጠረው ውሻ ዘይት ሲያገኝ ላዩ ቶሎ ያምራል። የጎደለው ዚንክና መዳብ ግን እንደጎደለ ይቀራል። ለዚህ ነው ከምግቡ ጀምሪ የምላት።

ፀጉር 95 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው። ቆዳና ፀጉር ለማደስ ሰውነት በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ከሩብ በላይ ሊወስድ ይችላል። ወዙ የሚመጣው ደግሞ ቆዳ ውስጥ ካሉት የቅባት ዕጢዎች ነው። ያ ቅባት ሲያንስ የፀጉሩ ሽፋን ይሻክራል፤ ብርሃንም አይመልስም። ስለዚህ ፀጉር የሚሠራውና ፀጉር የሚያወዛው ሁለቱም ከሳህን ነው የሚመጡት።

የአንበሶ_እመቤት

ገብቶኛል። ግን እኮ ደረቁን ብቻ ካቀረብኩለት አይበላም! ሳህኑን አይቶ እኔን ያየኛል፤ ከዚያ ጥግ ሄዶ ይተኛል።

ቀስ_በሉ

😄 ጤነኛ ውሻ ከሆነ የሚያባብሉት እስኪመጡ እየጠበቀ ነው።

ባንድ ቀን አትቀይሪው። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውሰጂና ሩዙን በየቀኑ ቀንሺ። ደረቁ ላይ ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ሽታው ይነሳል። ምግቡን ለ20 ደቂቃ አስቀምጪለትና ካልበላ አንሺው፤ በሚቀጥለው ሰዓቱ ደግመሽ አቅርቢ። ዶሮውን ከላይ ለሽታ ያህል ብትነሰንሺለት ችግር የለውም። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ፣ ወይም ካስመለሰ፣ ያ ኩርፊያ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

ለስላሳ_አፍንጫ

የታሸገ ምግብ ለምን ይሰጣል ግን? እኔ ሙሉ በሙሉ ቤት ነው የማበስለው። ከኢንተርኔት ባገኘሁት አሠራር።

ሳህኑን_አሳዩኝ

ቤት ማብሰል ይቻላል። አሠራሩ ግን ከየትም የተለቀመ መሆን የለበትም። በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው አገኙ። ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ አንዳንዶቹን የጻፏቸው የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ ለአንቺ ውሻ ብሎ ያወጣው አሠራር ካለሽ ግን ምንም አልልም።

ኮኮ_በየቀኑ

የኮኮናት ዘይትን ሁላችሁም ዘላችሁታል። ላዩ ላይ እቀባለሁ፣ ምግቡም ላይ አደርጋለሁ። ፀጉሩ ያበራል። ምስክር ነኝ።

ሒሳብ_ወዳድ

ብትቀቢው ያበራል፤ ማንኛውም ዘይት ተቀብቶ ያበራል። ከዚያ ይልሰዋል፣ ሶፋውም ድርሻውን ይወስዳል።

በምግብ ሲገባ ግን ጥያቄው ሊኖሌይክ አሲዱ ስንት ነው የሚለው ነው። ውሻ ይሄን በራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። የኮኮናት ዘይት አብዛኛው የረጋ ቅባት ነው፤ ሊኖሌይክ አሲዱ 2 በመቶ አካባቢ ነው። የወይራ ዘይት 10 በመቶ ገደማ። የዶሮ ስብ 20 አካባቢ። የበቆሎ ዘይት ከ50 በላይ ነው፤ የተለመደው የሱፍ ዘይት ደግሞ 60 አካባቢ ይደርሳል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአዋቂ ውሻ ወለል ለ1,000 ካሎሪ 2.8 ግራም ሊኖሌይክ አሲድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የሱፍ ዘይት 4.5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 2.7 ግራም ገደማ ይሰጣል። አንዲት የሻይ ማንኪያ የአንበሶን የቀን ወለል ልትሸፍን ምንም አልቀራትም። 40 ካሎሪ ናት። ከ100ዋ ላይ ቀንሺያት።

አንድ ነገር ግን አንብቡ። «ከፍተኛ ኦሌይክ» የሚል የሱፍ ዘይት አለ። ለመጥበሻ ጥሩ ነው፤ ሊኖሌይክ አሲዱ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

ጅራት_ቆላ

ታዲያ የዓሣ ዘይት ምኑ ላይ ነው? እኔ አይቼዋለሁ እያልኳችሁ።

ሒሳብ_ወዳድ

አይተሃል፣ ልክ ነህ። ሥራቸው ይለያያል እንጂ። የፀጉር ወዝና የቆዳ መከላከያ ላይ ቀዳሚው ሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም ኦሜጋ 6 ነው። የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3 ነው፤ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉትን ይይዛል። ዋና ጥቅሙ የቆዳ ብግነትና ማሳከክ ማብረድ ነው። ላብራዶርህ ታክክ ከነበረ፣ መታከኩ ሲቀንስ ፀጉሯም ያምራል።

ስንት ይሰጥ ሲባል ሰው ሁሉ በማንኪያ ነው የሚያወራው። ማንኪያውን ተዉት። የሚቆጠረው ኢፒኤና ዲኤችኤ ተደምሮ ነው። «1,000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት» የሚል ተራ እንክብል ብዙውን ጊዜ ውስጡ 180 ኢፒኤና 120 ዲኤችኤ ነው ያለው። 300 ብቻ። የተጠናከሩት ከዚህ እጥፍ በላይ ይይዛሉ። ጀርባውን ገልብጡና አንብቡ።

መጠኑ ከኪሎ ጋር እኩል አያድግም። ኪሎውን በ0.75 ኃይል ከፍ አድርጎ ነው የሚሰላው፤ ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ያወጣዋል። ለ20 ኪሎ ውሻ 9.5 ገደማ ይመጣል። ለሚያሳክክ የአለርጂ ቆዳ የሚጠቀሰው መጠን ይሄ ቁጥር ሲባዛ በ125 ሚሊግራም ነው፤ 1,200 አካባቢ ይሆናል። የ40 ኪሎ ውሻ እጥፍ ቢመዝንም 2,000 ገደማ ነው የሚደርሰው፣ 2,400 አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያስቀመጠው የደህንነት ጣሪያ ደግሞ በ370 ተባዝቶ ነው። ለአንበሶ 3,500 ያህል።

አንበሶ አያሳክከውም። ስለዚህ 1,200 መድረስ ላያስፈልገው ይችላል። መስጠት ከፈለግሽ በአንድ ተራ እንክብል ጀምሪ። ሰገራው ካልላላ ሌላ ትጨምሪያለሽ።

ቀስ_በሉ

እዚህ ላይ የክሊኒኩን ልጨምር። የቆሽት ብግነት ይዞት የሚያውቅ ውሻ ካላችሁ ምንም ዓይነት ዘይት ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ። ሚኒዬቸር ሽናውዘር የሚባሉት ዝርያዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። የዓሣ ዘይት በብዛት ሲሰጥ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ቀዶ ጥገና ካለ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ለሰው የተሠራ ጣፋጭ ፈሳሽ ዘይት ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖርበት ይችላል። ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው። የደም ስኳሩን ባንዴ ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል።

እባካችሁ ደግሞ የዓሣ ዘይትና የዓሣ ጉበት ዘይትን አንድ አታድርጓቸው። የጉበቱ ቫይታሚን ኤ እና ዲ የታጨቀበት ነው። ለፀጉር ተብሎ በየቀኑ ሲንቆረቆር ቫይታሚን ዲው ይከማቻል፣ የደም ካልሲየም ይወጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ለስላሳ_አፍንጫ

የተልባ ዘይትስ? እኔ ሽታው ስለማይከብድ እሱን ነው የምመርጠው።

ሒሳብ_ወዳድ

ኦሜጋ 3 አለው፤ ግን ኤኤልኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ውሻ ያንን ወደ ኢፒኤ የመቀየር ችሎታው ደካማ ነው። ለማሳከክ አትመኪበት። ለወዝ ያህል ግን መጥፎ አይደለም።

የአንበሶ_እመቤት

እንቁላሉስ? ጥሬውን ነው የሚሉት። ባዮቲን አለው ብለው።

ሳህኑን_አሳዩኝ

አስኳሉ ባዮቲን አለው። ጥሬው ነጩ ደግሞ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ባዮቲንን ጠፍንጎ ይዞ አንጀት እንዳይመጥጠው ያደርጋል። ለባዮቲን ብለሽ ጥሬ ስትሰጪ ባዮቲን የሚያስር ነገር አብረሽ ሰጠሽ። ቀቅይው። ሙቀት አቪዲንን ያበላሸዋል፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም አብሮ ይሄዳል። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 70 ካሎሪ ገደማ ነው። አልፎ አልፎ ለአንበሶ አሪፍ ማባበያ ነው፤ ከዶሮውና ከሩዙ ይሻላል ባይ ነኝ።

የባዮቲን ክኒን ግን ይቅርብሽ። ሙሉ ምግብ በሚበላ ውሻ ላይ የባዮቲን እጥረት ብርቅ ነው።

የበረዶ_ልጅ

ዚንክን በተመለከተ ልናገር፤ ሀስኪ የሚባል ዝርያ ውሻ ስላለኝ።

ሀስኪና ማላሙት ላይ የሚታይ የዚንክ ችግር አለ። ምግባቸው ደህና ሆኖ አንጀታቸው በወጉ አይመጥጠውም። ግን የደበዘዘ ፀጉር ብቻ ይዞ አይመጣም። ዓይንና አፍ ዙሪያ ቅርፊት ይይዛል፣ ይላጣል፤ ክርንና መዳፍ ላይም ይወጣል። የእኔው የታወቀው ሐኪሙ ከቆዳው ቆንጥሮ ወስዶ ላቦራቶሪ ካስመረመረ በኋላ ነው። አሁን ዚንክ ይወስዳል፤ በሐኪም መጠን፣ ከምግብ ጋር፣ ባዶ ሆዱን ከሆነ ስለሚያስመልሰው።

ቡችላም ላይ ይመጣል፤ ካልሲየም ሲበዛበት ወይም ምግቡ ፋይቴት በሚባል የእህል ንጥረ ነገር የተሞላ ሲሆን። ሁለቱም ዚንክን ይይዙታል። እዚያ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ምግቡን ማስተካከል ነው።

አንበሶ ዓይኑ ዙሪያ ንጹሕ ከሆነ ዚንኩን እርሺው። ሲበዛ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። «ቫይታሚን ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ አንደኛ ዚንክ ቫይታሚን አይደለም፤ ሁለተኛ ይጎዳል።

ባለ_ጥቁሩ

ወደ ቀይ እየሄደ ነው ያልሽውን ማንም አልነካውም። ጥቁር ውሻ ላለን ሰዎች ይሄ ትልቁ ጉዳይ ነው።

ጥቁሩ ቀለም የሚሠራው ከታይሮሲን ነው፤ ታይሮሲን ደግሞ ከፌኒልአላኒን ይሠራል። ሁለቱም አሚኖ አሲዶች ናቸው፣ ከፕሮቲን ይመጣሉ። ምግቡ ሕይወት ለማቆየት በቂ ሆኖ ለጥቁር ቀለም ግን ላይበቃ ይችላል፤ ያኔ ፀጉሩ ቀላ ብሎ ይበቅላል። መዳብም ሲያንስ ቀለም ይፈዛል።

ግን ወዲያው ምግብ ላይ አትፍረዱ። ፀሐይ ጥቁር ፀጉር ታነጣለች። ብዙ የሚላስ ቦታ ከምራቅ የተነሳ ይቀላል። ሊረግፍ የደረሰ አሮጌ ፀጉርም እንደዚሁ። ፀጉሩን ገለጥ አድርገሽ ሥሩን እዪ። ሥሩ ጥቁር ጫፉ ቀይ ከሆነ ፀሐይ ወይም እርጅና ነው። ከሥሩ ጀምሮ ቀይ ከሆነ ምግቡን ጠርጥሪ።

የአንበሶ_እመቤት

አሁን ገልጬ አየሁት። ጀርባው ላይ ሥሩ ጥቁር ነው። ጎኑ ላይ ግን ከሥሩም ቡናማ ይላል፤ በተለይ አዲስ የበቀለው። ዓይኑ ዙሪያ ንጹሕ ነው።

ባለ_ጥቁሩ

እንግዲህ ሩዙ ተጠርጣሪ ነው። 😅 አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የበቀለ ፀጉር የሞተ ነገር ነው። የቀላው ተመልሶ አይጠቁርም። አዲሱ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ነው የምታዪው፤ አሮጌው እስኪረግፍ መታገሥ ነው።

ሁለት_ጭራ

የእኔ ታሪክ ለማስፈራራት አይደለም። ሴት ውሻዬ ፀጉሯ ደበዘዘ፣ ዘይት ሰጠኋት። ምንም። ሌላ ዘይት። ምንም። ወፈረች፣ ምግቧ ግን አልጨመረም። ሰነፈች፤ እርጅና ነው አልን። ጎንና ጎኗ እኩል ሳሳ፣ ጅራቷ ተመለጠ። ደም ሲመረመር ታይሮይዷ ወርዶ ነበር። የታይሮይድ ክኒን ከጀመረች በኋላ ፀጉሯ ቀስ እያለ ተመለሰ። ዘይቱን ባለ ጠርሙሱ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ቀስ_በሉ

ይሄ የተለመደ ነው። አንድ ነገር ግን፤ ቲ4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ብቻውን ዝቅ ቢል አይበቃም። ሌላ በሽታም አንዳንድ መድኃኒትም ያወርደዋል። ለዚያ ነው ሐኪሙ ነፃ ቲ4 የሚባለውንና ታይሮይዱን የሚያዝዘውን ሆርሞን፣ ቲኤስኤችን፣ አብሮ የሚያየው።

ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና የተንዘረጠጠ ሆድ አብረው ከመጡ ደግሞ ኩሺንግ የሚባለው በሽታ ይታሰባል። ወልዳ ያጠባች ውሻ ከሆነች ግን አትደንግጡ፤ ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ፀጉሯ መርገፉ ያለ ነው፤ ይመለሳል።

ጅራት_ቆላ

እሺ፣ ለሁሉም ነገር ምርመራ እንሂድ ነው የምትሉት? ሰው አቅምም አለው እኮ።

ቀስ_በሉ

አላልኩም። አንበሶ ሌላ ምልክት የለውም። ምግቡ ላይ ግልጽ ምክንያት አለ። እሱን አስተካክላ ሁለት ሦስት ወር ብትጠብቅ ምንም አይደለም። ያኔም ካልተለወጠ፣ ወይም መሃል ላይ ማሳከክ፣ መመለጥ፣ መጠጣት ከመጣ፣ ሐኪም ጋ ትሂድ። ምልክቱን ሳያዩ ሦስት ዓይነት ማሟያ መግዛትም እኮ ከኪስ ነው የሚወጣው።

ለስላሳ_አፍንጫ

ማጠቡን ግን ተረሳችሁ። በየሳምንቱ ብላለች።

ቀስ_በሉ

አዎ። የቆዳ ሕክምና ካልታዘዘለት በስተቀር ጤነኛ ውሻ በየሳምንቱ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ያ ሁሉ ወዝ በሳሙና ይሄዳል። የሰው ሻምፑም አይሁን። የሰው ቆዳ አሲዳማ ነው፣ የውሻው ወደ ገለልተኛው ይጠጋል፤ የተሠሩትም ለየቅል ነው። ሲቆሽሽ እጠቢው። በቀረው ቀን ቦርሺው። ቡርሹ የሞተውን ፀጉር ያነሳል፣ ቅባቱን ከሥር እስከ ጫፍ ያዳርሰዋል። ነፃ ነው፤ ለአንበሶም ከዘይት ይልቅ ደስ ይለዋል።

የአንበሶ_እመቤት

እሺ። ሩዙን ቀስ በቀስ አወጣለሁ፣ ማጠቡን እቀንሳለሁ፣ እቦርሸዋለሁ። የሱፍ ዘይትና የዓሣ ዘይት ዛሬውኑ አብሬ ልጀምር?

ሒሳብ_ወዳድ

አይ። ሁሉንም ባንዴ ከጀመርሽ የቱ እንደሠራ አታውቂም። ሆዱ ቢበላሽም የቱ እንዳበላሸው አታውቂም።

መጀመሪያ ምግቡ ብቻ። ወደ ሙሉ ምግቡ ሲመለስ ሊኖሌይክ አሲዱም ይመለሳል፤ ዘይት ጭራሽ ላያስፈልግሽ ይችላል። የውሻ የላይኛው ቆዳ ለመታደስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ፀጉር ከዚያ ይዘገያል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስጪው። ወዙ ካልተመለሰ የሻይ ማንኪያዋን የሱፍ ዘይት ጨምሪ፣ በሩብ ማንኪያ ተነስተሽ። የዓሣ ዘይቱን ማሳከክ ቢመጣ ታስቢበታለሽ።

ፎቶ አንሺው፤ ሁሌም አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት። በየቀኑ የምታዪውን ውሻ ዓይንሽ ይለምደዋል። መዝኚውም። ዘይት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ለውጥ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ነው።

ኮኮ_በየቀኑ

የእኔን ኮኮናት ሰደባችሁት እንጂ የቢራ እርሾውን አላያችሁም። ቁንጫ ያባርራል ይባላል።

ሳህኑን_አሳዩኝ

ይባላል። አያባርርም። ቢ ቫይታሚን አለው፣ ውሾች ጣዕሙን ይወዱታል። ግን ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተቀላቀለ እርሾ ስለሚሸጥ ጀርባውን አንብቢ። ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። የትልቅ ዝርያ ቡችላ አለኝ። ፀጉሩ ሻካራ፣ ሆዱ ነፋ ያለ። ካልሲየምና የዓሣ ዘይት ልጀምርለት?

ቀስ_በሉ

ሆዱ የተነፋ፣ ፀጉሩ የሻከረ ቡችላ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ትል ነው። ሰገራውን አስመርምርና መድኃኒቱን በኪሎው ይታዘዝለት። ካልሲየም ፈጽሞ አትጨምር። የትልቅ ዝርያ ቡችላ ትርፍ ካልሲየምን መግታት አይችልም፤ አጥንቱ ተጣሞ ያድጋል፣ ዚንኩም አብሮ ይያዛል። «ለትልቅ ዝርያ ቡችላ» ተብሎ የተሠራ ሙሉ ምግብ ይበቃዋል።

አዲስ_ገቢ

አመሰግናለሁ። ነገ ሰገራውን ይዤ እሄዳለሁ። የዓሣ ዘይቱን ግን ገዝቼዋለሁ። ጠርሙሱ ከተከፈተ ቆይቷል፣ መስኮት ላይ ነበር፣ አሁን ሽታው ትንሽ ከበድ ይላል። ውሻው ሲያድግ ልስጠው ወይስ ልጣለው?

ሒሳብ_ወዳድ

ጣለው። ዘይቱ ከአየርና ከብርሃን ጋር ቆይቶ ተበላሽቷል፤ የተበላሸ ዘይት የቡችላውን ቫይታሚን ኢ ይጨርስበታል። ስትገዛ ትንሹን ጠርሙስ ግዛ፣ ጥቁር ጠርሙስ ከሆነ ይመረጣል፣ ከከፈትከው በኋላ ፍሪጅ አስገባው። ደግሞ ከመጣልህ በፊት ስሙን አንብብ፤ «ጉበት» የሚል ካለበት በሚቀጥለውም አትግዛው።